«ቲቸር አይስጉ፣ ኢፖክሲ አድርጌበታለሁ»

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። የቸኮላችሁ ደግሞ ቢያንስ መጨረሻውን ሳታዩ አትለፉ፣ እዚያ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ የ10ኛ ክፍል የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ቴሌግራም ላይ መልእክት ገባልኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ብየዳ ቤት ይሠራል። የላከው ፎቶ ላይ በአልሙኒየም ቱቦና በእንጨት የተሠራ የሞተር መቀመጫ ይታያል። አራት ቡሎኖች ገብተውበታል። በእያንዳንዱ ቡሎን ዙሪያ ደግሞ እንደ ማር ወደ ቢጫ የሚያደላ ነገር ፈስሶ ደርቋል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር አይስጉ፣ ኢፖክሲ አድርጌበታለሁ። ንዝረት አይፈታውም።»

ልጁ የሚሠራው ጠረጴዛ አይደለም። አውሮፕላን ነው። አንድ ሰው የሚይዝ፣ የሞተር ሳይክል ሞተር የሚገጠምለት ቀላል አውሮፕላን፣ በወላጆቹ ግቢ ውስጥ።

የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም «ኢፖክሲ ካደረግክበት አይፈታም» ያልኩት እኔው ነኝ። እሱ ተማሪ እያለ የወርክሾፓችን ሞርሳ ከጠረጴዛው ጋር የሚያያዝበት ቡሎን እየላላ አስቸገረን። እንጨቱ በስብሶ ቀዳዳው ሰፍቶ ነበር። እኔም ከሱቅ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ገዝቼ፣ አደባልቄ፣ ቀዳዳውን ሞልቼ ቡሎኑን ከተትኩበት። ከዚያ ተማሪዎቹን ዘወር ብዬ «ይሄ እንግዲህ እስከ ምጽአት አይነቃነቅም» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ሞርሳው እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ልጁ ያንን ትምህርት ይዞ ወደ ሰማይ ሊወጣ ነው።

በመጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ኢንጂነር አይደለሁም። የአቪዬሽን ሰውም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ግን ይሄ ጉዳይ ከገባብኝ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ከልጁም ጋር ተከራከርኩ፣ ሞከርኩም። ባለፈው ሳምንት ነገሩን እዚሁ ገጽ ላይ በሁለት መስመር ስጠቅሰው ብዙዎቻችሁ «ቲቸር፣ ልጁን ተስፋ አታስቆርጡት»፣ «እናንተ መምህራን ሥራችሁ ማስፈራራት ነው» ብላችሁ ወረዳችሁብኝ። እሺ፣ ይሁን። ግን እስቲ ነገሩን አብረን እንየው።

መጀመሪያ ቡሎን ምንድነው የሚሠራው? አብዛኛው ሰው ቡሎን እንደ ሚስማር ሁለት ነገር ወግቶ የሚይዝ ይመስለዋል። አይደለም። ቡሎንን ስናጠብቀው በጣም ትንሽ፣ ለዓይን በማይታይ መጠን፣ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ተለጥጦ መመለስ ስለሚፈልግ ሁለቱን አካላት እርስ በርስ ይጨምቃቸዋል። መገጣጠሚያውን የሚይዘው ይሄ ጭመቃ ነው። በቁልፍ ከምናወጣው ጉልበት ደግሞ አብዛኛው የሚያልቀው በዳዶው ሥርና በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ነው። ወደ ጭመቃ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰበቃው ትንሽ ከተለወጠ ጭመቃው በጣም ይለወጣል።

ቡሎን ለምን ይላላል? ጀርመናዊው መሐንዲስ ገርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ዋናው ጠላት ወደ ጎን የሚመጣ ንዝረት መሆኑን አሳየ። ሁለቱ አካላት ወደ ጎን ትንሽ ትንሽ ሲንሸራተቱ ሰበቃው ለቅጽበት ይጠፋል፣ ዳዶውም ራሱን ይፈታል። በቂ ጭመቃ ካለ ግን መንሸራተቱ ራሱ አይኖርም። የእኛ አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለቡሎንም ይሠራል ማለት ነው።

አሁን ኢፖክሲውን እናምጣው። ልጁ ጥርሱ ላይ ኢፖክሲ ቀብቶ ነው ያጠበቀው። እርጥብ ኢፖክሲ እንደ ቅባት ያንሸራትታል፤ ስለዚህ በለመደው ጉልበት ሲያጠብቀው ቡሎኑ ከሚገባው በላይ ሊለጠጥ ይችላል። መድረቅ ከጀመረ በኋላ ካጠበቀው ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ እጁ «ጠብቋል» ይለዋል እንጂ ቡሎኑ ገና አልተለጠጠም። ሁለቱም መጥፎ ነው። ግን ከሁለቱም የሚብስ ሦስተኛ ነገር አለ።

እንጨት በበጋ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። በቡሎኑ ራስ ሥር ያለው ቀለም ይጨፈለቃል። በዚህ ጊዜ ጭመቃው ይቀንሳል። ተራ ዳዶ ቢሆን በቁልፍ ስትነካው «ላልቷል» ይልሃል፣ ታጠብቀዋለህ። በኢፖክሲ የታሰረ ዳዶ ግን አይንቀሳቀስም። ቁልፍ ስታስገባ ድርቅ ብሎ ይጠብቅሃል። አንተም «ጥብቅ ነው» ብለህ ትሄዳለህ። ውስጡ ግን ጭመቃ የለም። ለልጁም ደጋግሜ ያልኩት ይሄንን ነው፦ አለመሽከርከርና መጥበቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢፖክሲው መሽከርከሩን ሊከለክልልህ ይችላል። ጭመቃውን ግን አይጠብቅልህም፤ ጭምር መላላቱን ይደብቅብሃል።

«ታዲያ ፈረንጆቹ በኢፖክሲ አውሮፕላን ይሠሩ የለ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ይሠራሉ። ኢፖክሲን ልሳደብ አልመጣሁም። አሜሪካዊው በርት ሩታን እ.ኤ.አ. በ1975 ቫሪኢዚ የተባለችውን፣ በ1979 ደግሞ ሎንግ-ኢዚ የተባለችውን አውሮፕላን ያበረረው በፎም ላይ የመስታወት ጨርቅ በኢፖክሲ እየለበጠ ነው። የሥራ ንድፏን የገዙ ሰዎች በየጋራዣቸው ሠርተው በረውባታል። ሚሺጋን ውስጥ ያሉት የጉጆን ወንድማማቾችም ከእንጨት ጀልባ ሥራ ተነስተው ብሎንና እንጨትን በኢፖክሲ የማያያዝ ዘዴን በደንብ አጥንተው ለሌላው አስተምረዋል። ቀዳዳውን ከቡሎኑ አስፍተህ በትራፓኖ ትበሳለህ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ትሞላለህ፣ ቡሎኑን ትከታለህ። ሸክሙ ከጠባቧ የጥርስ ጫፍ ወጥቶ ሰፋ ባለ የእንጨት ገጽ ላይ ይሰራጫል። እርጥበትም ወደ እንጨቱ ልብ አይገባም። የእኔ ሞርሳ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳላውቀው ትክክል ሠርቼ ነበር።

ግን እነዚህ ሰዎች ቡሎንና ኢፖክሲን እንዴት እንደሚያገናኙ ልብ በሉ። ትልቅ ሸክም ያለበት ቦታ ላይ ፎሙን ቆፍረው አልሙኒየም ወይም ጠንካራ የእንጨት ቁራጭ ይቀብራሉ፤ ቡሎኑ የሚጨምቀው እሱን ነው። እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ደግሞ ዳዶ ያለበት ትንሽ ሳህን ከጀርባ በኮላ ይለጥፋሉ። እዚያ ኮላው የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ቡሎኑ ሲጠብቅ ዳዶው አብሮ እንዳይዞር መያዝ። ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ሳህኑ ወደ አካሉ ይሳባል እንጂ ከአካሉ አይላቀቅም። ኮላው ያን ጊዜ ቢደርቅ፣ ቢሰነጠቅ እንኳ ሸክሙን የያዘው ብረቱ ነው። በእኔ ቋንቋ ስጠቀልለው፦ ኮላው ረዳት ነው፣ ተሸካሚው ሌላ ነው። የልጁ መቀመጫ ላይ ግን ሁለቱ ቡሎኖች ከእንጨቱ ማዶ አልወጡም። ዳዶም ሮንዴላም የላቸውም። እንጨት ውስጥ በኢፖክሲ ብቻ ተተክለዋል። የሞተሩንና የፕሮፔለሩን ጉተታ የሚሸከመው ያ ማር የመሰለው ነገር ብቻ ነው።

ቦስተን ከተማ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2006 ማታ በአንድ የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ውስጥ 26 ቶን ገደማ የሚመዝን የኮንክሪት ጣሪያ ወድቆ በአንድ መኪና ላይ ተጫነ፤ ተሳፋሪዋ ሴት ሞተች። ጣሪያው የተንጠለጠለው ወደ ላይ በተበሳ ኮንክሪት ውስጥ በኢፖክሲ በተተከሉ ቡሎኖች ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መረመረው። ጥቅም ላይ የዋለው ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት ኢፖክሲ ነበር። ለአጭር ጊዜ ሲጎተት ጠንካራ ነው፣ የመጎተት ፈተናውን ያልፋል። በማያቋርጥ ሸክም ሥር ግን ቀስ እያለ፣ እንደ ወፍራም ሽሮፕ፣ ይሳባል። በግንባታው ጊዜ አንዳንድ ቡሎኖች ሲንሸራተቱ ታይቶ ነበር፤ ምክንያቱ ግን በደንብ አልተጠናም። ዋሻው ከተከፈተ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሆነ። ያ ሥራ በቢሊዮን ዶላር የተሠራ፣ ብዙ መሐንዲስ ያለበት ሥራ ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ ተንጠልጥዬበት ሞክሬዋለሁ፣ ንቅንቅ አላለም» ነው ያለኝ። የተንጠለጠለው አሥር ሰከንድ ነው።

አየር ላይም ሆኗል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 ሃዋይ ላይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በ24 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እያለ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ተገነጠለ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በነፋሱ ተወስዳ ሞተች። የዚያ አውሮፕላን ላሜራዎች የተያያዙት በማጣበቂያና በሪቬት በጋራ ነበር። ማጣበቂያው በብዙ ቦታ ለቅቋል። ሲለቅ ድምፅ አላሰማም። ሸክሙ በሙሉ ወደ ሪቬቶቹ ዞረ፣ በሪቬቶቹ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ተፈጠረ፣ ስንጥቆቹ ተገናኙ።

ሌላው ሙቀት ነው። በክፍል ሙቀት የሚደርቁ ብዙ ኢፖክሲዎች ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል መለስለስ ይጀምራሉ። ሩታን አውሮፕላኖቹ ነጭ ቀለም እንዲቀቡ ያዘዘው ለውበት አይደለም፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ ሲቆም ምን ያህል እንደሚግል ስለሚያውቅ ነው። በኢፖክሲ የተጣበቀ ቡሎን ማውጣት ሲያስፈልግ ደግሞ የታወቀው ዘዴ የቡሎኑን ራስ በካውያ ማጋል ነው። አስቡት እንግዲህ፦ መፍቻው ሙቀት የሆነ ነገር ከሞተር አጠገብ ማሰሪያ ሆኖ ተቀምጧል።

አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ታዲያ ቡሎን እንዳይፈታ ምን ያደርጋሉ? የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኤሲ 43.13-1ቢ የሚባል መጽሐፍ አለው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ያረጀ ይመስላል ግን ይሠራል። ራሱ እንደ ዘውድ የተሰነጠቀ ዳዶ አለ፣ በስንጥቁና በቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ሹካ መሰል ሽቦ ገብቶ ይታጠፋል። የቡሎኖችን ራስ እርስ በርስ በሽቦ ማሰር አለ፣ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን እንዲያጠብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውስጡ የናይሎን ቀለበት ያለው ዳዶ አለ፤ እሱም እስከ 121 ዲግሪ ነው፣ ቡሎኑ ወይም ዳዶው የሚዞርበት መገጣጠሚያ ላይ አይገባም። ሞተር አካባቢ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው ዓይነት ይገባል። ከዚያ በላይ በዳዶውና በአካሉ ላይ አንድ የቀለም መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። በዓይን ይታያሉ። ሽቦው አለ ወይስ የለም? መስመሩ ቀጥ ብሏል ወይስ ተሰብሯል? ጠዋት ከበረራ በፊት የ12 ዓመት ልጅ እንኳ ሊያየው ይችላል። ኢፖክሲ ግን በደንብ ተደባልቆ ይሁን፣ ገጹ ቅባት ነበረው ይሁን፣ ውስጡ ይዞ ይሁን ለቅቆ፣ ከውጭ አይታይም። የእኔ አቋም ይሄው ነው፦ ልታየውና ልትፈትሸው የማትችለው ነገር ብቻውን ነፍስ አይሸከም።

«ቲቸር፣ እነሱ የሚሉት ቡሎን እዚህ አገር ገበያ ላይ የለም፣ ከውጭ ለማስመጣት ደግሞ ብር የለኝም» አለኝ። ይሄ እውነት ነው፣ ልቤን የነካኝም ይሄ ነው። ብዙዎቻችሁም የጻፋችሁት ይሄንኑ ነው፦ «ባለን ነገር ካልሞከርን መቼ ልናድግ ነው?» ግን ድህነት የመሬት ስበትን አይቀንስልንም። ቡሎን ከሌለ መሬት ላይ የሚሠራ ነገር እንሥራ፤ ሞተሩን በቆመበት እናስነሳ፤ ያለንን ነገር ደግሞ እንፈትን። ፈተናው ውድ አይደለም።

ሠራነውም። ከሳይንስ ክበብ ልጆች ጋር ሁለት የጣውላ ቁራጭ ወስደን፣ ልጁ በተጠቀመበት ዓይነት ኢፖክሲ፣ በእሱ አሠራር ቡሎን ተከልንባቸው። በቡሎኑ ዙሪያ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ሊቨር ተጠቅመን፣ 10 እጥፍ የሚያበዛ ረጅም ክንድ ሠርተን፣ ጫፉ ላይ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰቀልን። 20 ኪሎው እንደ 200 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። አንዱን ጥላ ውስጥ፣ አንዱን ፀሐይ የሚያግለው ቆርቆሮ ሥር አቆምነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም። ልጁ መጥቶ አይቶ ፈገግ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ጥላ ውስጥ ያለው እንዳለ ነው። ቆርቆሮው ሥር ያለው ግን ከእርሳስ ምልክታችን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወጥቷል። አልተሰበረም፣ ድምፅም አላሰማም፣ ዝም ብሎ ወጣ።

ልጁ ቁጭ ብሎ ብዙ አየው። ምንም ሳይናገር ሄደ። አምስት ቀን ስልኬን አላነሳም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ ተናዶ ሞተሩን አስነስቶ ሜዳ ሊወጣ ይችላል ብዬ። በስድስተኛው ቀን ፎቶ ላከ። አራቱንም ቡሎኖች በካውያ አግሎ አውጥቷቸዋል። በአንደኛው ላይ ያለው ኢፖክሲ ግን ለመውጣት ካውያም አላስፈለገውም። ከውጭ ያለው ድንጋይ የመሰለ ነው፣ ከውስጥ ያለው ገና እንደ ማስቲካ ይሳባል። በደንብ አልተደባለቀም ነበር። የትኛው እንደሆነ ከውጭ አይቶ የሚለይ ሰው አልነበረም፤ እሱም እኔም አልለየንም። ከሥሩ የጻፈው፦ «ቲቸር፣ እና አሁን ማንን ልጠይቅ?»

መልስ የለኝም። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

እኛ አገር በቤቱ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ዜና ሲሆን አይተናል። አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላን በአሮጌ የመኪና ሞተር ሠርቶ ዓለም አውርቶለታል። እንኳን አወራለት። የእኔም ተማሪ ያንን ሲያይ ነው ያደገው። ግን እኛ የምናጨበጭበው ለብቻው ለሚታገል ጀግና ነው። አሜሪካ ውስጥ በቤት የሚሠራ አውሮፕላን የብቻ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ፖል ፖበሬዝኒ ዊስኮንሲን ውስጥ የመሠረተው ኢኤኤ የሚባለው የአማተር አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር የቴክኒክ አማካሪዎች አሉት። በፈቃዳቸው የሠሪው ጋራዥ ድረስ ሄደው፣ ክንፉ ከመሸፈኑ በፊት፣ ውስጡን አይተው «ይሄን ቡሎን ለምን እንዲህ አደረግከው?» ይላሉ። መንግሥትም ከመብረሩ በፊት ያየዋል። ከዚያ በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት ከሰው መኖሪያ ራቅ ባለ ቦታ ይፈተናል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን እነሱ በሥራ አውለውታል፣ እኛ በተረት አስቀርተነዋል።

የእኛ ልጆች የጎደላቸው ድፍረት አይደለም፤ ሞልቷቸዋል። ኮላም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ሁለተኛ ዓይን ነው። «ጎበዝ» ከሚላቸው ሰው ይልቅ አጎንብሶ ቡሎኑን የሚያይላቸው ሰው። ኮመንት ላይ «በርታ ወንድሜ» መጻፍ ነፃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ሄዶ «ይሄ ልክ አይደለም፣ ፍታው» ማለት ግን ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ያጣላል። እኔን አምስት ቀን አጣልቶኛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄ ነው። ከእናንተ መካከል የአውሮፕላን ጥገና የምትሠሩ፣ የሠራችሁ፣ ጡረታ የወጣችሁ፣ ወይም ፖሊቴክኒክ ውስጥ መካኒክስ የምታስተምሩ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ገንዘብ አይደለም የምለምነው። አንድ ቅዳሜ ብቻ። ልጁ ቡሎኖቹን አውጥቶ እየጠበቀ ነው፣ «ፈቃድ ሳላገኝ አልበርም፣ ሰው ሳያየው ሞተሩን አላስነሳም» ብሎ ቃል ሰጥቶኛል። ቃሉን እንዲጠብቅ ግን የሚመጣ ሰው ሊኖር ይገባል።

በነገራችን ላይ ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ ሞርሳውን ለልጆቹ አሳየኋቸው። «እስከ ምጽአት አይነቃነቅም» ያልኩትን አረምኩት። አሁን ከጎኑ በቀይ ቀለም መስመር አስምረንበታል፣ በየወሩ አንድ ተማሪ ያየዋል።